ስኳር የሌለበት ቤት

ቅናተኛ ናት ይሉኛል። ነኝ፤ አልክድም። ግን ከቅናተኛ አፍ የወጣ ሁሉ ውሸት ነው የሚል ሕግ የት እንደተጻፈ እስከ ዛሬ ያሳየኝ የለም። ሻሚ የምትሸጠው ዱቄት መድኃኒት አይደለም ብዬ ከሁሉም ቀድሜ የተናገርኩ እኔ ነኝ። የሰማኝ አልነበረም። የሰፈራችን የማንያታ ሰው ቃሌን ትቶ ፊቴን ነበር የሚያየው፤ ፊቴ ላይ ደግሞ ቅናቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ። ስሜ ሮዛ ነው። ባሌ አዳን የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከሞያሌ ኢሲዮሎ፣ ከኢሲዮሎ ሞያሌ ሲመላለስ ነው ዕድሜው የሚያልቀው። እኔ በረንዳዬ ላይ የልብስ ስፌት መኪና አለኝ፤ ድሪያ የሚባለውን የሴቶች ሰፊ ቀሚስ እሰፋለሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም አስተካክላለሁ። ግቢያችን አንድ ነው። ሁለት የጭቃ ቤቶች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የባሌ ታናሽ ወንድም የነቢልና የሚስቱ የሻሚ። ከሁለቱ ቤት መሀል ደግሞ፣ ማደሪያቸው እኔ ቤት ቢሆንም፣ እማማ ሀዎ አሉ፤ የአዳንና የነቢል እናት፣ የእኔና የሻሚ አማት።

ለሰው አማት አማት ነው፤ ለእኔ ግን እማማ ሀዎ እናት ናቸው። ያደግኩት ዋልዳ ነው፤ የስደተኞች ካምፕ በነበረበት ጊዜ። እናቴ ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ አዝላኝ ነው የተሻገረችው። ካምፑ ውስጥ አንድ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰውዬ ነበር፤ ዶክተር ይባላል፤ ለወባውም፣ ለሳሉም፣ ለወገብ ሕመሙም ያንኑ አንድ መርፌ ይወጋል። ሰው ይወደው ነበር። የካምፑ ክሊኒክ ያሰልፋል፣ ይቆጣል፤ እሱ ግን ድንኳን ድረስ መጥቶ እጅ ጨብጦ፣ ስቆ፣ አጫውቶ ይሄዳል። እናቴን ለራስ ምታቷ ወጋት። ክንዷ አብጦ መግል ቋጠረ፤ ከዚያ አልተነሳችም። እኔን ጎረቤት አሳደገኝ።

አዳን ሲያገባኝ እኔ ክርስቲያን፣ እነሱ ሙስሊም መሆናችንን እማማ ሀዎ አንድም ቀን አላነሱብኝም። እኔም ሴት ልጅ የለኝ፣ አንቺም እናት የለሽ፣ አሉኝና በዚያው አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ናቸው። የእኔ ስል የእኔ ብቻ ማለቴ ነው።

ውሃ ውሃ ሲሉ፣ ሌሊት ሲመላለሱ፣ ሲከሱ አይቼ ክሊኒክ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ስኳር ተገኘባቸው። ነርሱ ቱፋ፣ ሰው ሁሉ ዳክታሪ የሚለው፣ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ፤ ኪኒኑ በሰዓቱ፣ ምግቡ በልኩ፣ ሻዩ ያለ ስኳር፣ እግራቸውንም በየቀኑ ማየት። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ ያዝኩ ነው። የስኳር ቆርቆሮውን ከቤቴ አስወጣሁ። ልጆቼ ባዶ ሻይ ለመዱ፤ እንግዳ ሲመጣ እንኳ ስኳር አልቆብን ነው እላለሁ። ማታ ማታ የእማማን እግር በለብታ ውሃ አጥቤ በጣቶቻቸው መሀል እሾህ እንዳይኖር አያለሁ፤ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ቢወጋ አይሰማውማ። እሳቸውም ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ፖሊሷ መጣች ይላሉ። የተቆጡ ይመስላሉ፣ መልሰው ይስቃሉ። ያን ሳቃቸውን እወደው ነበር።

ሻሚ እስክትመጣ ነው ይሄ ሁሉ። ነቢል ያመጣት ከድንበሩ ወዲያ፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ ነው፤ የነጋዴ ልጅ ናት። እጇ ከሂና አይለይም፣ ድምጿ ለስላሳ ነው፣ ስትስቅ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። እኔን እትዬ ሮዛ ትለኛለች፤ በዕድሜ ስንት ብበልጣት ነው? እማማን ስታይ ትስማቸዋለች፤ ጀርባቸውን በዘይት ታሽላቸዋለች፤ ጎልቦ ካሉ ዘመዶቿ የግመል ወተት ታስመጣላቸዋለች። ሻይ ስታፈላ ስኳሩን በማንኪያ አትለካም፣ ትደፋዋለች። አንድ ቀን ደርሼባት ተቆጣኋት። ትንሽ ደስ ይበላቸው እንጂ እትዬ፣ ስንት ቀን ይኖራሉ ብለሽ ነው፣ አለችኝ። እማማ ሀዎ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የእኔን መቆጣት እንዳልሰሙ ሆነው ጠጡ።

እንግዲህ እኔ የምከለክል፣ እሷ የምትሰጥ። እናንተ ብትሆኑ ማንን ትወዳላችሁ? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው ለእኔ ነው። ማታ እግራቸውን ሳጥብ እንኳ ዓይናቸው ወደዚያኛው በር ነበር። ሻሚ ስትወጣ ፊታቸው ይፈታል፤ እኔ ፎጣውን ይዤ ተንበርክኬ አየዋለሁ።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። ከናይሮቢ የመጡ ሰዎች የሆቴል አዳራሽ ተከራይተው የከተማውን ሴቶች ሰበሰቡ፤ ሻሚ ሄዳ ሠለጠነች፤ አንድ ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፑ ጋር በሽቦ የተያያዘ የብረት ዘንግ፣ በካርቶን የታሸገ ዱቄትም ይዛ ተመለሰች። ዘንጉን በመዳፍ ጨብጠው ሲቀመጡ ላፕቶፑ ላይ ቀይና አረንጓዴ መስመር ይሯሯጣል። ከዚያ ጉበትዎ ደክሟል፣ ደምዎ ቆሽሿል፣ ኩላሊትዎ ሰንፏል ይላል። መርፌ የለ፣ ደም የለ፣ ቁጣ የለ። በሽታው የየሰው ነው፤ መድኃኒቱ ግን የሁሉም ያው ዱቄት ነው። ያ የዋልዳው ሰውዬ መርፌውን ጥሎ ላፕቶፕ ገዛ እንዴ፣ አልኩ በሆዴ።

ዱቄቱ መራራ ነው፤ ሰውን የያዘውም ይኼ ነው። እዚህ እኛ ዘንድ መራራ ነገር ስኳርን ይገድላል ተብሎ ከድሮም ይታመናል፤ ሬት በጥብጦ የሚጠጣ ሰው አውቃለሁ። ሻሚ ይህ ዳዋ፣ መድኃኒት ማለቷ ነው፣ መራራ ስለሆነ ጣፋጩን ከደም ውስጥ ይበላዋል ስትል የማይስማማ የለም። እኔ ሄጄ ቱፋን ጠየቅኩት። ምላስ ላይ መምረር ሌላ፣ ደም ውስጥ ያለ ስኳር ሌላ፣ አይገናኙም አለኝ። ሁሉንም በሽታ አድናለሁ ከሚል፣ የሐኪም ኪኒንሽን ጣይ ከሚል፣ መርምሮ ደግሞ ራሱ ከሚሸጥ ሰው ሽሺ አለኝ። ይህንን ይዤ በረንዳዬ ላይ ለቆመው ሁሉ ተናገርኩ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ። ድሪያ ሊያሰፉ የመጡ ሴቶች ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡኛል፤ ከዚያ ግቢውን አቋርጠው ሻሚ በር ላይ ይሰለፋሉ። እውነቱን ተናግሬ ስበቃ ወንበሬ ባዶ፣ የእሷ ደጅ ሙሉ።

አንድ ቅዳሜ አላስቻለኝም። ሰው በተሰበሰበበት ሄጄ እኔንም መርምሪኝ አልኳት። ማሽኑን በሰው ፊት ላዋርደው ነበር ሐሳቤ። ዘንጉን ጨበጥኩ። ከእኔ በፊት የተመረመረው አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ሻሚ ላፕቶፑ ላይ ወንድ የሚለውን ሳትቀይረው ኖሮ፣ የፕሮስቴት ዕጢዎ ደክሟል ብሎ አወጣልኝ። ነቢል ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። አሁን አለቀላት፣ አሁን ሰው ነቃ ብዬ ዞር ስል ግቢው በሳቅ ያውካካል፤ በማሽኑ ግን አይደለም፣ በእኔ ነው። እውነቱን ነው እኮ፣ ሮዛ ወንድ ናት፣ አለች ጎረቤታችን ኑርሀን። እማማ ሀዎም ሳቁ፤ እንባቸው እስኪመጣ፣ የሻሚን ትከሻ ተደግፈው። የሰፈሩ ሳቅ ምንም አላደረገኝም፤ የእሳቸው ግን ወጋኝ።

በሳምንቱ ዘንጉን የጨበጡት እማማ ራሳቸው ናቸው። ማሽኑ የሆስፒታል ኪኒን ደማቸውን አበላሽቶታል አለ። ኪኒኑን ይተዉ፣ ዱቄቱን ጠዋት ጠዋት በውሃ ይጠጡ ተባለ። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ፍራሻቸውን አስጠቅልለው ከእኔ ቤት ወደ ሻሚ ቤት ተዛወሩ። ነቢል ፍራሹን ተሸክሞ ግቢውን ሲያቋርጥ በረንዳዬ ላይ የዩኒፎርም ቁልፍ እየተከልኩ አየሁት። ለጥቂት ቀን ነው፣ ዳዋውን ለመጠጣት እንዲመቸኝ፣ አሉኝ እማማ፤ ዓይኔን ግን አላዩኝም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር። መርፌው ጣቴ ውስጥ ገባ፤ እኔ ስኳር የለብኝም፣ ተሰማኝ።

እግራቸውን ማጠብ ግን አልተውኩም። ውሃዬን አሙቄ፣ ሳፋዬን ይዤ፣ ሻሚ ቤት ድረስ እሄዳለሁ። እሷ ቀና ብላ ፖሌ፣ አይዞሽ እትዬ፣ ለምን ትደክሚያለሽ፣ እኔ አጥባቸው የለም ወይ ትለኛለች። ሳፋዬን አስቀምጬ ማጠቤን እቀጥላለሁ። እኔ የማጥበውን እግር ለእሷ ልተው?

አንድ ማታ ሻሚ ወጣ ስትል እማማ አንገቴን ሳብ አደረጉና በጆሮዬ እንዲህ አሉኝ።

«ያን መራራ ነገር ትቼዋለሁ። ኪኒንሽን አምጪልኝ። ለሻሚ እንዳትነግሪ ብቻ፤ ትቀየማለች።»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ወዲያ በየማታው ኪኒኑን ከላይ በምደርበው ጨርቅ፣ በሌሶዬ ጫፍ ቋጥሬ እወስዳለሁ፤ እሳቸው ይውጣሉ፤ ሁለታችን እንጠቃቀሳለን። ጠዋት ሻሚ ዱቄቷን ስትበጠብጥ ከበረንዳዬ አያታለሁ፤ በጥብጪ፣ ምድር ነው የሚጠጣልሽ እያልኩ በሆዴ እስቃለሁ። እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ስፌቴ እንኳ ቀጥ ብሎ ይሄድልኝ ነበር።

ከክሊኒክ በተሰጠኝ የስኳር መለኪያ ጣታቸውን ወግቼ ብለካ ስኳራቸው ወርዷል። ከያዛቸው ጀምሮ እንዲያ ወርዶ አያውቅም። ሻሚ እልል አለች፤ ዱቄቴ ነው ብላ ለሰፈሩ አወራች፤ ያን ሰሞን ደንበኛ ጎረፈላት። እኔ ደግሞ ውስጥ ውስጡን የእኔ ኪኒን ነው አልኩ። እማማ ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ እያዩ ፈገግ ይላሉ። አንዱን ቁጥር ሁለታችንም ለየራሳችን ወሰድነው።

ለቱፋ እየተኩራራሁ ነገርኩት። እሱ ግን ፊቱ አልፈታ አለ። በዚህ ኪኒን ብቻ ይህን ያህል አይወርድም፤ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ ወይ አለኝ። እንዲህ ያለ ዱቄት የሚሠራ እንዲመስል የስኳር ኪኒን ፈጭተው የሚቀላቅሉበት አሉ፤ ከእኛው ኪኒን ጋር ሲደረብ ስኳሩ ወርዶ ወርዶ ሰው ራሱን ይስታል፤ ያኔ የሚያድነው ጣፋጭ ነው አለኝ። ራሱን በሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ውሃም ሻይም አይፈስም፤ በጎኑ አስተኝተሽ፣ ስኳር በጣትሽ ጉንጩ ውስጥ እያሸሽ፣ ወዲያው ወደ እኛ ማምጣት ነው፤ ብሎ አስረዳኝ። እኔ ጆሮ ውስጥ የገባው ግን ሌላ ነው። ለካ የሻሚ ዱቄት ይሠራል ሊለኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ማታ እማማን ስጠይቃቸው ትቼዋለሁ አላልኩሽም ወይ አሉኝ። ማመን ፈልጌ ነበር፣ አመንኩ።

ረመዳን ሊገባ ሲል ሻሚ ደግማ መረመረቻቸው። ላፕቶፑ ላይ መስመሩ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ድነዋል አለቻቸው። እማማ ሀዎ ስኳር ከያዛቸው ወዲህ አይጾሙም ነበር፤ ሼኹ ራሳቸው ለታመመ ሰው ጾም የለበትም ብለው ነግረዋቸዋል፤ በጾማቸው ፈንታ ድሃ ያበላሉ። ቢሆንም ሰው ሁሉ ሲጾም ማጀት ተደብቆ መብላቱ ያሳፍራቸው ነበር። ድነዋል ሲባሉ አለቀሱ። ዘንድሮ እንደ ሰው እጾማለሁ አሉ፤ የሻሚንም ግንባር ሳሙ።

እኔ አይሆንም አልኩ። ሻሚ ፊት፣ ነቢል ፊት፣ ኑርሀን ፊት አይሆንም አልኩ። ክርስቲያን ስለሆንሽ ነው ያለኝ ነበር፤ ቅናት ነው ያለኝ ግን ይበዛል። እናንተዬ፣ ቅናትም ነበረበት፤ የሳሙት ግንባር እኮ የእኔ አልነበረም። ግን አይሆንም ያልኩት ትክክል ነበር። ኢሲዮሎ አዳን ዘንድ ደወልኩ። ሰምቶኝ ሲያበቃ እንዲህ አለኝ።

«ሳዋ፣ እሺ ሮዛ፣ ሰማሁሽ። እናቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ ብሏታል። ቅናቱን ተይው።»

ባሌ ነው እንዲህ ያለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ቱፋ ዘንድ ሄድኩ። ባይጾሙ ነው የሚሻለው፤ እምቢ ካሉ ኪኒኑ ካፈጠሩ በኋላ ይሁን፣ ቀን ቀንም እየለካሽ፣ ከወረደ ጾሙን ማስፈታት ነው አለኝ። ኪኒኑን እንዳለኝ አደረግኩ። ቀን ልለካ ስሄድ ግን ሻሚ ተኝተዋል ትለኛለች፤ እማማም በጾም ቀን ደም አታውጪብኝ ይላሉ። ጎህ ሳይቀድ፣ ሱሁር ሲበላ፣ ሻሚ ቤት ምን እንደሚጠጣ ደግሞ እኔ በምን አውቃለሁ?

ጾሙ በገባ ሰሞን አንድ ቀን፣ ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር፣ የሻሚን ጩኸት ሰማሁ። መቀሴን ጥዬ ሮጥኩ። እማማ ሀዎ ምንጣፉ ላይ ወድቀዋል። ልብሳቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸው ተከፍቷል ግን አያውቀንም። ኑርሀን ደርሳ ጂን ነው፣ ቁርአን የሚቀራ ሰው ጥሩ ትላለች። ሻሚ የጾም ድካም ነው፣ ማሽኑ ድነዋል ብሏል ትላለች። መለኪያዬን አምጥቼ ጣታቸውን ወጋሁ። ቁጥር አላወጣም። ሁለት ፊደል ብቻ አሳየኝ፤ ስኳሩ መለኪያው ከሚያነበው በታች ወርዷል ማለት ነው።

ወደ ቤቴ ሮጥኩ። አንዱን ቆርቆሮ ከፈትኩ፣ ጨው ነው። ሌላውን ከፈትኩ፣ ሻይ ቅጠል ነው። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። እኔ ቤት ስኳር የለም። ማር የለም፣ ከረሜላ የለም፣ ሶዳ የለም። ያን ሁሉ ዓመት በር ላይ ቆሜ ስመልሰው የኖርኩት ነገር ዛሬ ሲያስፈልገኝ ያለው ሻሚ ቤት ነው። ግቢውን መልሼ አቋረጥኩ።

«ስኳር አምጪ» አልኳት።

ሻሚ ደርቃ ቀረች። «ጾማቸውን ልታስፈቻቸው ነው? እትዬ፣ መግሪብ እኮ ሊደርስ ነው፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ትንሽ ብንታገስ…»

«መግሪብ አይደርሱም፣ ሻሚ።»

ፊቴን አየችው። ምን እንዳየችበት አላውቅም፤ ምናልባት ያን ጊዜ ቅናት አልነበረበትም። ሮጣ ቆርቆሮውን እንዳለ አመጣችው። እማማን በጎናቸው አስተኛኋቸው። ጣቴን አርሼ ስኳሩ ውስጥ ነከርኩና ጉንጫቸው ውስጥ አሸሁት፤ ደግሜ ነከርኩ፣ ደግሜ አሸሁ። ኑርሀን አላህ ይቅር ይበልሽ እያለች ከጀርባዬ ታለቅሳለች። ነቢል መኪና ፍለጋ ወጣ። እኔ ጣቴን ሳላቆም ሻሚን ጠየቅኳት።

«ዛሬ ሱሁር ላይ ምን አጠጣሻቸው?»

«ዱቄቱን ነዋ፤ እንደ ሁልጊዜው።»

«ዱቄቱን ትተውታል።»

«ማን ነው የተወው? ፊቴ ነው የሚጠጡት። የተዉት የአንቺን ኪኒን ነው። ራሳቸው ነግረውኛል፤ ለሮዛ እንዳትነግሪ፣ ትቀየማለች ብለው።»

እኔን ላለማስቀየም ኪኒኔን፣ እሷን ላለማስቀየም ዱቄቷን፤ ሁለቱንም ሲወስዱ ኖረዋል። ከሁለታችን አንዳችንም አልተቀየምንም፤ እሳቸው ግን ምንጣፍ ላይ ወድቀዋል። ጣቴ ጉንጫቸው ውስጥ እንዳለ መጀመሪያ የተሰማኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ፍርሃት አይደለም፣ ጸጸትም አይደለም። ለካ ለሻሚም እንደ እኔው በጆሮዋ ነው የነገሯት። ለካ የእሷንም አንገት ሳብ አድርገው ነበር። ያ ማታ ማታ የምንጠቃቀሰው የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

እንዲህ እያሰብኩ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ምላሳቸው ጣቴን ነካው፤ ላሰው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ በቀጭን ድምፅ ተናገሩ።

«ሻሚ… እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ።»

ክሊኒክ ስንደርስ ቱፋ ክንዳቸው ላይ ጉሉኮስ ተከለላቸው። ነቅተው ካወሩም በኋላ አልለቀቃቸውም፤ ዱቄቱ ውስጥ ያለው ነገር ቶሎ ስለማይወጣ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል ብሎ አሳደራቸው። ከዱቄቱ አንድ ቆርቆሮ ተቀብሎ ናይሮቢ ለምርመራ ላከው። ከኢድ በፊት ውጤቱ መጣ፤ እንደጠረጠረው የስኳር ኪኒን ተፈጭቶ ገብቶበታል። ሻሚ ዱቄቱን ለገዛት ሁሉ በየቤቱ እየዞረች ጣሉት አለች። ማሽኑን ያመጡት ሰዎች ስልካቸውን አያነሱም። አይታችሁ ከሆነ፣ አሁን ደጃፏ ማንም አይሰለፍም። ደስ አለኝ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አዎ፣ ትንሽ ደስ ብሎኛል።

የእማማ ፍራሽ ወደ ቤቴ ተመልሷል። መርጠው አይደለም፤ ቱፋ ኪኒኑን የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ ይሁን ስላለ ነው። ስኳር ላለበት ሰው ቤት ደግሞ ለክፉ ቀን ትንሽ ስኳር መኖር አለበት ብሎ ተቆጥቶኛል፤ ስለዚህ አሁን እኔም ቤት መደርደሪያው ላይ አንድ ቆርቆሮ አለ። ልጆቼ ሲያዩት ዓይናቸውን አላመኑም።

በኢድ ቀን ቤቴ በእንግዳ ሞላ። አዳን ከኢሲዮሎ ገብቷል፤ ስለ ስልኩ ምንም አላለም፣ ግን ከሁሉ ቀድሞ ለእኔ ነው ወንበር ያመጣው። እማማ ሀዎ አዲስ ድሪያ ለብሰው፣ እኔ የሰፋሁትን፣ መሀል ተቀምጠው ታሪካቸውን ለእንግዳው ሁሉ ያወራሉ። ሞቼ ነበር ይላሉ። ጨለማ ውስጥ ነበርኩ፤ አፌ ውስጥ ጣፋጭ ነገር ሲሟሟ የሻሚ እጅ መሆኑን አወቅኩ፣ እሱን ይዤ ተመለስኩ ይላሉ። እንግዶቹ ሻሚን ይመርቃሉ። እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ ሻይ እቀዳለሁ።

ሻሚ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። መናገሩን ባልወድም እናገረዋለሁ፤ ያን ቀን ሰው ሆናለች።

«እማዬ፣ እኔ አይደለሁም። እኔ ቆርቆሮውን ነው ያመጣሁት። እጁ የእትዬ ሮዛ ነበር።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ይህን ከእኔ አፍ ቢሰሙት ቅናት ነው ይሉ ነበር፤ ከሻሚ አፍ ግን ሰሙት። አሁን ስሜን ይጠራሉ ብዬ ጠበቅኩ። እማማ ሀዎ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ያ የድሮው ሳቃቸው መጣ።

«ሮዛ?» አሉ። «ሮዛማ ስኳር አትሰጠኝም።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እማማ እየሳቁ ብርጭቋቸውን ዘረጉልኝ። የስኳሩ ቆርቆሮ ከራሴ በላይ መደርደሪያው ላይ ነው፤ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። አንድ ማንኪያ ብጨምር፣ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት እጅሽ ይባረክ ሮዛ ይሉኝ ነበር። ከዚያ በላይ የፈለግኩት ነገር በሕይወቴ የለም።

ሻዩን ቀዳሁላቸው፤ ባዶውን።